ኮዴይን በእኛ ጉበት

በአማኑኤል ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ኮዴይን የተባለውን መድኃኒት ከአገልግሎት አገደች። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ኮዴይን አዲስ መድኃኒት አልነበረም። ፈረንሳዊው ፋርማሲስት ፒየር ሮቢኬ ከኦፒየም ለይቶ ያወጣው በ1832 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕመም ለማስታገስና ሳል ለማቆም በኪኒንም በሽሮፕም መልክ ብዙ አገር ሲጠቀምበት ኖሯል፤ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ዛሬም ይታዘዛል። ታዲያ እዚያ የሚታዘዝ መድኃኒት እዚህ ለምን ተከለከለ? ፋብሪካው አበላሽቶት አይደለም፣ ነጋዴም ባዕድ ነገር ቀላቅሎበት አይደለም። ነገሩ ያለው እኛው ዘንድ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች ከአባትና ከእናት የወረሱት አንድ ዘረመል ኮዴይንን ሌላው ዓለም ከለመደው በላይ አፍጥኖ ሞርፊን ወደሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ይቀይረዋል።

ይህን ያወቅነው በምርምር ነው። ከምርምሩ ፊት መስመር የቆመችው ደግሞ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የምትሠራው ኢትዮጵያዊት የመድኃኒት ሳይንስ ተመራማሪ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ናት። የእሷ ሥራ በየትምህርት ቤቱ ሊነገር ሲገባው ከባለሙያ ክበብ ብዙም አልወጣም። ስለዚህ ዛሬ በረጋ መንፈስ፣ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ሥሩ ሕዋስ ነው።

ኪኒን ስንውጥ ኪኒኑ የታመመውን ቦታ ፈልጎ ሄዶ የሚጠግነው ይመስለናል። መድኃኒት እንዲህ አያውቅም፤ በደም ተሳፍሮ በመላ ሰውነት ይዞራል። የሰው አካል በትሪሊዮን ከሚቆጠሩ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ሕዋሳቱ ቀንም ሌትም መልእክት ይለዋወጣሉ። ስንደነግጥ ልብ የሚፈጥነው፣ ስንበላ ሆድ የሚፈጨው፣ እሾህ ሲወጋን እግራችንን የምንሰበስበው በዚህ የመልእክት ልውውጥ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ቆዳ ላይ መልእክቱን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ስማቸውም ተቀባይ ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት መድኃኒቶች ከሦስቱ አንዱ ገደማ የሚሠራው ከእነዚህ ተቀባዮች የአንዱን ቤተሰብ በመንካት ነው።

ሞርፊን የሚነካው የሕመም ነርቭ ላይ የተቀመጠ ተቀባይ አለ። ሲነካው ምን ይሆናል? እድር ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየደጁ እየዞረ ይነፋል። እሱ ድንኳን አይተክልም፣ መቃብር አይቆፍርም፣ ንፍሮ አይቀቅልም፤ ነፍቶ ያልፋል። ሥራውን የሚሠሩት ድምፁን ሰምተው ከየቤታቸው የሚወጡት ናቸው። ሞርፊንም ነርቩ ውስጥ ገብቶ ሥራ መሥራት አያስፈልገውም፤ ከውጭ ተቀባዩን ይነካል። ከተቀባዩ ሥር ጂ-ፕሮቲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ እሱ ይነቃና መልእክቱን በሕዋሱ ውስጥ ያሰራጫል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው የውስጥ መልእክተኛ ይቀንሳል፣ የካልሲየም መግቢያ ይጠባል፣ የፖታሲየም መውጫ ይከፈታል። በዚህ ሁሉ የተነሣ ነርቩ ይረጋጋል፤ የሕመሙን ወሬ ለሚቀጥለው ነርቭ ማቀበሉን ይተዋል። ሰውየውም «ተሻለኝ» ይላል። ጂ-ፕሮቲንን ያገኙት አልፍሬድ ጊልማንና ማርቲን ሮድቤል በ1994፣ ተቀባዮቹ እንዴት እንደሚሠሩ የገለጡት ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ ደግሞ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

ይህ ተቀባይ ኦፒየም ለሚያጨስ ሰው ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ተመራማሪዎች ተቀባዩን በአንጎል ውስጥ ያገኙት በ1973 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን የሕመም ማስታገሻ አገኙ፤ ኤንከፋሊን ይባላል። ሞርፊን እንግዲህ የሰውነትን የራሱን መልእክት አስመስሎ የሚያስተላልፍ ነው።

አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ያው ተቀባይ ከሕመም ነርቭ ሌላ በአንጀት ላይም አለ፤ ለዚህ ነው ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሆዱ የሚደርቀው። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ አንጎል ከአከርካሪ ጋር በሚገናኝበት ግንድ ላይ፣ ሳናስበው እንድንተነፍስ በሚያደርጉን ነርቮች ላይ መኖሩ ነው። እነዚህንም ነርቮች በዚያው መንገድ ያረጋጋቸዋል። መጠኑ ልከኛ ሲሆን ሕመም ይታገሣል፣ ትንፋሽ አይነካም። ከልክ ሲያልፍ ትንፋሽ ይዘገያል፣ እንቅልፍ ይከብዳል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ሊቆም ይችላል። ሕመምን የሚያስታግሠውና ትንፋሽን የሚያቆመው አንድ ዓይነት መልእክት ነው። ልዩነቱ የደረሰው ሞርፊን ብዛት ነው። ሕዋሱ ስንት ኪኒን እንደዋጣችሁ አያውቅም፤ ደጁ የደረሰውን ብቻ ያውቃል።

ኮዴይን ራሱ ተቀባዩን የሚነካው በጣም ደክሞ ነው። ሕመም የሚያስታግሠው ጉበት ከፍሎ ወደ ሞርፊን ስለሚቀይረው ነው። በተለመደው ሰው ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ይቀየራል፤ የተቀረው በሌላ መንገድ ይወገዳል። ይህን ቅየራ የሚሠራው የጉበት ኢንዛይም ሲዋይፒ 2ዲ6 ይባላል። ስሙ ለአፍ አይመችም፤ ግን አንዴ ብትይዙት መልካም ነው፤ ሐኪም ከሚያዛቸው መድኃኒቶች ሩብ ያህሉ በዚህ ኢንዛይም እጅ ያልፋሉ።

ኢንዛይሙ ከሰው ሰው እንደሚለያይ የታወቀው ራሱን ለምርምር በሰጠ ሰው አካል ላይ ነው። በ1975 በለንደን የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ሮበርት ስሚዝ የተባለ ተመራማሪና ጓደኞቹ ደብሪሶኪን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ዋጡ። የዋጡት ሰውነት መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያስወግድ ለማየት ነበር። ጓደኞቹ ብዙም የተሰማቸው ነገር አልነበረም። ስሚዝን ግን አዞረው፤ የደም ግፊቱ እጅግ ወርዶ መቆም አቃተው። ሽንቱ ሲመረመር መድኃኒቱ ሳይለወጥ እንዳለ ወጥቷል፤ የጓደኞቹ ሽንት ውስጥ ግን አብዛኛው ተለውጦ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ዛሬ አልተስማማኝም» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን «ሌሎች የሚያስወግዱትን እኔ ለምን አላስወገድሁም?» ብሎ ጠየቀ። ጥናቱን ወደ 94 በጎ ፈቃደኞች አስፍተው በ1977 አሳተሙት፤ ነገሩም በዘር የሚወረስ መሆኑ ታየ። በጀርመንም ሚሼል አይከልባውም በዚያው ጊዜ በሌላ መድኃኒት ወደዚያው እውነት ደርሶ ነበር። በአውሮፓ ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ይህ ኢንዛይም የማይሠራለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን ቢውጥ ሞርፊን አያገኝም፤ ሕመሙ እንዳለ ያድራል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ተገለበጠ። የማይሠራለት ሰው ካለ ከልክ በላይ የሚሠራለትስ የለም ወይ? በስዊድን ሌይፍ በርቲልሰን የድብርት መድኃኒት በተለመደው መጠን አልሠራ ያላትን አንዲት ታካሚ በ1985 ገለጠ፤ ሴትዮዋን የሚያድናት መጠን ሌላውን ሰው ሊመርዝ የሚችል ነበር። ምክንያቱ በ1993 ተገኘ። ዘረመል እንደ ሌላው ውርስ ሁሉ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ይመጣል፤ ይህም ዘረመል የሚገኘው በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች ያገኟቸው ሰዎች ግን በአንዱ ክሮሞሶም ላይ ያው ዘረመል ተደጋግሞ ተሰልፎላቸው ነበር፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ የተደጋገመበት አባትና ልጆች ተገኙ። ዘረመሉ ሲበዛ ኢንዛይሙም ይበዛል፤ መድኃኒቱም ሰውነት ውስጥ ሳይቆይ ይጠፋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ የሚታይ ነበር። ብርቅ ነገር ተብሎ ሊቀር ይችል ነበር።

ያልቀረው በኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገው ጥናት ነው። እሌኒ አክሊሉ ከስዊድናውያኑ ማግኑስ ኢንገልማን ሱንድበርግ፣ ሌይፍ በርቲልሰንና ሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ሆና 122 ኢትዮጵያውያንን አጠናች። ዘረመላቸው ከደም ተነበበ፤ ደብሪሶኪን ውጠው ሽንታቸው ተለካ። ውጤቱ በ1996 ታተመ፤ ከመቶው 29 የሚሆኑት ይህ ዘረመል የተደጋገመላቸው ሆነው ተገኙ። በስዊድን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት የነበረው በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሲሶ ሊደርስ ምንም አልቀረው። በተቃራኒው ኢንዛይሙ ፈጽሞ የማይሠራላቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። ኋላ ላይ ከቀይ ባሕር ማዶ በሳዑዲ ዓረቢያ በተደረገ ጥናትም የተደጋገመ ዘረመል ያለው ሰው ከመቶ 20 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እለምናለሁ። የኮዴይን መጠን በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ እንዲህ ዓይነት በሆነበት ሕዝብ ላይ ተለክቶ ነው። ያ ካርቶን አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስን አልፎ እዚህ ሲመጣ የሚጠብቀው ሌላ ሕዝብ ነው። የጎጃም እናቶችና አባቶች ኮሶ ሲያጠጡ የጠጪውን አቅም ያያሉ፤ ለደካማ ይቀንሳሉ፣ ነፍሰ ጡርን ይከለክላሉ። የኮሶ ልኬታቸው የላላ ነው፤ ጉዳት የደረሰባቸውም አሉ፤ ኮሶን ወደ መጠጣት እንመለስ አልልም። ሰውን ሳያዩ መጠን አለመወሰናቸው ግን ትክክል ነው።

ከአንድ ስሕተት እንድትጠበቁ ላስጠንቅቅ። 29 ከመቶ የተጠኑት ሰዎች ቁጥር ነው፤ የማቻክል፣ የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ሕዝብ ተለይቶ የተቆጠረበት አይደለም። ዘረመሉ የተደጋገመለት ሰው ሁሉም ኮዴይን በወሰደ ጊዜ ይጎዳል ማለትም አይደለም፤ አደጋው ከፍ ይላል ማለት ነው። ደግሞም በሽታ አይደለም። ይህ ዘረመል ያለው ሰው ጤነኛ ነው፤ ሙሉ ዕድሜውን ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ጉዳዩ የሚነሣው መድኃኒት ሲቀርብለት ነው።

አደጋው በሌላው ዓለምም ታይቷል። ቶንሲላቸው ተቆርጦ ለሕመሙ ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት ሞተዋል፤ ከሞቱት መካከል ኮዴይንን በፍጥነት የሚቀይሩ ነበሩበት። በዚህም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሕፃናት እንዳይሰጥ ከለከለ። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈጽሞ እንዳይሰጥ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስደው አስታወቀ፤ ሞርፊኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ሊያልፍ ይችላልና። አሜሪካ ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች ለይታ ያስጠነቀቀችውን የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ለሁሉም ወስኖት ነበር። ምክንያቱም በአገሩ ሕዝብ ላይ የተሠራ ጥናት እጁ ላይ ነበር። ድሃ አገር ከሌላው ቀድሞ በራሱ ዕውቀት የወሰነበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ እኔ በዚህ እኮራለሁ።

ያው ዘረመል በሌላ መድኃኒት ላይ ተቃራኒውን ያደርጋል። ኮዴይን ጉበት ሲነካው ይበረታል፤ አሚትሪፕቲሊንና መሰሎቹ የድብርት መድኃኒቶች ግን ጉበት ሲነካቸው ይደክማሉ። ዘረመሉ የተደጋገመለት ሰው እነዚህን ሲወስድ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ የሚገባውን ያህል አይቆይም። ወር ሙሉ ይውጣል፣ ለውጥ የለም። ሐኪሙ «አልዋጠም» ይላል፤ ቤተሰቡ «የሐኪም ነገር አልሆነለትም» ብሎ ጠበል ይወስደዋል። ጠበል መሄዱን አልቃወምም፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ፤ ለሐኪሙም «በትክክል ውጫለሁ፣ አልሠራልኝም» ብሎ ይንገር። ይህ ቃል ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። እንደ ስንፍና ወይም እንደ ውሸት ተቆጥሮ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል።

የምሥራችም አለ። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ሰው ከዳነ በኋላ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል። ከቆላው፣ ከዓባይ ሸለቆ የምትመጡ ይህን አመላለስ ታውቁታላችሁ። የተደበቀውን የሚገድለው ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት ነው፤ እሱም ሥራ የሚጀምረው ይኸው ሲዋይፒ 2ዲ6 ሲለውጠው ነው። በ2013 የታተመ ሥራ ኢንዛይሙ የደከመባቸው ሰዎች ፕሪማኪን ወስደውም ወባው እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። ኢንዛይሙ ለሚበረታለት ሕዝብ ይህ በጎ ዜና ነው። ፕሪማኪን ግን ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በቀይ የደም ሕዋሳቸው ውስጥ ለሚያንሳቸው ሰዎች ደም ሊያፈርስ ስለሚችል ያለ ጤና ባለሙያ አይወሰድ። የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነው ታሞክሲፈንም እንዲሁ በዚህ ኢንዛይም ይነቃል፤ በ2019 በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናት የነቃው መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው ብዛት ከዘረመሉ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳይቷል።

እስካሁን የተናገርኩት ነገሩ ሁሉ በውርስ ያለቀ ያስመስለው ይሆናል። እሌኒ አክሊሉ ግን እዚያ አላቆመችም። በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ጎን ለጎን አስተያየች፤ ጥናቱ በ2002 ወጣ። አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸውን ስታነጻጽር ኢትዮጵያ ያሉት ደብሪሶኪንን የሚለውጡት ስዊድን ካሉት ቀስ ብለው ነበር። ዘሩ ያው ነው፤ ምግቡ፣ አየሩ፣ ኑሮው ተለየ፤ የጉበት ሥራም አብሮ ተለየ። ይህን ጥናት ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። «ኢትዮጵያዊ ስለሆንክ እንዲህ ነህ» ብሎ መፍረድ እንደማይቻል ያሳያልና።

ከኑሮው ምኑ ነው ይህን የሚያደርገው? ከተገኙት መልሶች አንዱ ጫት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት በጎ ፈቃደኞች ጫት ሲቅሙ የሲዋይፒ 2ዲ6 ሥራ በግልጽ እንደሚገታ ታይቷል። ትርጉሙን በኑሮ ላስረዳችሁ። በየቀኑ የሚቅም ወጣት መድኃኒት ይጀምራል፤ መጠኑም በዚያው ሁኔታ ይለመዳል። ከዚያ በጾም ምክንያት ወይም ገንዘብ አጥቶ ጫቱን ያቆማል። ተገትቶ የነበረው ኢንዛይም ይለቀቃል፤ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ ላይበቃ፣ ወደ ብርቱ መድኃኒት የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ጫት የምትቅሙ ልጆቼ፣ ለሐኪም ስትቀርቡ አትደብቁ። የነቀፋ ጉዳይ አይደለም፤ መጠን ለመወሰን ያስፈልገዋል።

ይህ ዘረመል በእኛ አካባቢ ለምን በዛ? ኢንገልማን ሱንድበርግ ያቀረበው መላ ምት አለ። ብዙ ዕፅዋት እንዳይበሉ መራራ መርዝ ይይዛሉ፤ ሲዋይፒ 2ዲ6 እነዚህን መርዞች በማርከስ የሠለጠነ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ በክፉ ቀን ሰው ቅጠልና ሥር እየለቀመ ሲኖር ዘረመሉ የተደጋገመለት ከመርዙ ተርፎ ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል ይላል። አልተረጋገጠም፤ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው የማየው። የአገራችንን የረኀብ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን ቀላል ሐሳብ አይደለም።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ዘረመል የሚወስነው በአንድ ኢንዛይም ብቻ አይደለም። ኤፋቪረንዝ የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚያስወግደው ሌላ የጉበት ኢንዛይም፣ ሲዋይፒ 2ቢ6፣ በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ የደከመ ነው። ጌትነት ይመርና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ዘረመሉ የደከመባቸውና መድኃኒቱ በደማቸው የበዛባቸው ሰዎች ለጉበት ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ዛሬ በኤፋቪረንዝ ቦታ ዶሉቴግራቪር ገብቷል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ኮዴይን ታገደ፤ ትራማዶል ግን በየፋርማሲው አለ። ትራማዶልም በከፊል የሚሠራው በዚሁ በሲዋይፒ 2ዲ6 ተለውጦ ያንኑ የሞርፊን ተቀባይ በመንካት ነው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2017 ኮዴይንን ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች ሲከለክል ትራማዶልንም አብሮ ጠርቷል። ኮዴይንን ያሳገደን ምክንያት በትራማዶልም ላይ አለ፤ እገዳ ይሁን አልልም፤ በከባድ ሕመም ለተያዘ አዋቂ፣ ሐኪም እየተከታተለው፣ ጠቃሚ ነው። ያለ ሐኪም ወረቀት መሸጡ፣ ከጎረቤት መዋሱ፣ ለወገብ ሕመም ከታዘዘላቸው አባት የተረፈውን ጥርሱን ላመመው ልጅ መስጠቱ ግን መቆም አለበት። ልጁ ከመቶው 29 ውስጥ ይሁን አይሁን ኪኒኑን የሚሰጠው እጅ አያውቅም።

በሌላ በኩል ሞርፊንን ራሱን መፍራታችን ያለ ልኩ ነው። ሞርፊን ተቀባዩን ለመንካት ሲዋይፒ 2ዲ6ን አይፈልግም፤ ስለዚህ በሐኪም እጅ ሲለካ መጠኑ ከኮዴይን ይልቅ አስቀድሞ የሚገመት ነው። በካንሰር ሕመም የሚጮኽ ሰው «ሱስ ይሆንበታል» ተብሎ ሞርፊን ሲከለከል ማየት ልክ አይመስለኝም። ኮዴይንን ለማገድ የረዳን ዕውቀት ሞርፊንን በትክክል ለመስጠትም ሊረዳን ይገባል።

የእናንተ ድርሻ ምንድነው ብትሉኝ፣ የዘረመል ምርመራ እዚህ ጤና ጣቢያ ላይ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ ምርመራውን አትጠብቁ። ራሳችሁ የምታዩት ምልክት አለ። አንድ ሰው መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ያልተለመደ ከባድ እንቅልፍ ቢመጣ፣ ትንፋሽ ቢዘገይ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ቢጠብ፣ የሚጠባ ሕፃን ጡት መያዝ አቅቶት ቢዝለፈለፍ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የመድኃኒቱን ካርቶን አብራችሁ ያዙ። የሞርፊንን ሥራ የሚያፈርስ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ተቀባዩ ላይ ተቀምጦ ሞርፊኑን ያስለቅቀዋል፣ ሰዓቱ ካላለፈ ትንፋሽን ይመልሳል።

ጉዳቱ ቀላል ቢሆንም ለጤና ባለሙያው ንገሩት። ባልደረቦቼ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያውን ቅጽ ሞልታችሁ ላኩ። ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል መርሐ ግብር ውስጥ ከ2008 ጀምሮ አባል ናት፤ ከዚህ የሚላክ ሪፖርት በስዊድን ኡፕሳላ ወዳለው የዓለም ማኅደር ይደርሳል። ማንም ሰው ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ማሳወቅ ይችላል። ስትደውሉ አራት ነገር ያዙ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት እንደተወሰደ፣ ከተወሰደ በስንት ሰዓት ምን እንደታየ፣ ሌላ አብሮ የተወሰደ ነገር ካለ፣ ጫትም የባህል መድኃኒትም ቢሆን።